የዊተንበርግና የሮም ጠብ፣ ከአል ተዓውን ሲታይ

አል ተዓውን ከዱባይ ለሚመጣ ሰው የሻርጃ መግቢያ ናት። በአንድ ወገኗ ከባሕሩ ወደ የብስ የገባው የአል ማምዘር ውሃ ተኝቷል፤ ከውሃው ማዶ የሚታዩት ሕንፃዎች የዱባይ ናቸው። በሌላ ወገኗ የአል ኢትሃድ አውራ ጎዳና ያልፋል። ጠዋት ወደ ዱባይ፣ ማታ ወደ ሻርጃ መኪናው ተጨናንቆ ይንቀራፈፋል፤ ኪራዩ እዚህ ስለሚቀል፣ ሥራው ደግሞ እዚያ ስለሆነ። በመሀል ቀና ብለው ሲያዩአቸው አንገት የሚያደክሙ የመኖሪያ ሕንፃዎች ቆመዋል። በየፎቁ የኬረላ ሰው፣ የፊሊፒንስ ሰው፣ የግብፅና የሶርያ ቤተሰብ፣ የፓኪስታን ሹፌር አለ። በየክፍሉ አልጋ የሚከራዩ የእኛ ልጆችም አሉ።

የእህቴ ልጅ ከሁለት ልጆች ጋር አንድ ክፍል ትጋራለች። አንዷ የጎንደር ልጅ ናት፤ የሴቶች ፀጉር ቤት ትሠራለች። ሌላዋ ከወላይታ ሶዶ የመጣች ናት፤ ሆቴል ውስጥ ክፍል ታጸዳለች። ጎንደሬዋ የእመቤታችንን ሥዕል ከትራሷ በላይ ለጥፋለች፤ የሶዶዋ ስልኳን ግድግዳው ላይ አስደግፋ መዝሙር ትከፍታለች። በጾም ወራት ድስቱ ይለያል፤ በፍስክ አንድ ነው። የሃይማኖት ክርክራቸው ግን ጾምና ፍስክ አይለይም፤ እንቅልፍ ሲያሸንፋቸው ብቻ ያድራል። ስለ ምልጃ ይከራከራሉ፣ ስለ ታቦት፣ ስለ ጾም፣ ሕፃን ይጠመቅ አይጠመቅ ስለሚለው። አልጋ ተጋርቻቸው በከረምኩበት ጊዜ ምሽቱ የሚያልቀው በዚሁ ነበር። እየሰማኋቸው አንድ ነገር ልቤን ሲያሳዝነው ከረመ፦ ሁለቱም የሚከራከሩበት ጉዳይ በአገራቸው ምድር ያፈሰሰውን ደም አያውቁትም። ጠቡ ከአምስት መቶ ዓመት በፊት በጀርመን ተነሥቶ፣ ገሚሱ በዚሁ በዐረብ ባሕር በኩል ዞሮ፣ ደንቀዝና ጎንደር ድረስ ደርሷል። ይህን ማስታወሻ የምጽፈው ለእነሱ ብዬ ነው። (ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።)

በየዓመቱ በኖቬምበር የሚካሄደው የሻርጃ ዓለም አቀፍ የመጻሕፍት ዐውደ ርዕይ የሚታየው እዚሁ ሰፈር በሚገኘው ኤክስፖ ሴንተር ነው፤ ከልጆቹ ቤት በእግር ይደረሳል። በ1982 የተጀመረው ይህ ዐውደ ርዕይ ከአዳዲሶቹ መጻሕፍት ሌላ የጥንት መጻሕፍትና ካርታ ነጋዴዎችንም ይስባል። አንድ የዐረብ ምድር ካርታ ፊት ብዙ ቆምኩ። ወደቦቹ በፖርቱጋሎች አጠራር ተጽፈዋል፦ ሆርሙዝ፣ ማስካት፣ ኮርፋካን። ከኮርፋካን ጀምሬ በጣቴ ዳርቻውን ተከትዬ፣ በኤደን አድርጌ፣ ቀይ ባሕርን ወጥቼ ምፅዋ ደረስኩ። መንገዱ ይኸው ነው። ጎዋ ከምትባለው የሕንድ ከተማ ተነሥተው ወደ ኢትዮጵያ ለመግባት የሞከሩት ኢየሱሳውያን መነኮሳት የተጓዙበት ባሕር ይህ ነው።

ኮርፋካን ዛሬ የሻርጃ ግዛት ናት። በማግሥቱ ቅዳሜ ወደዚያው ሄድን። መንገዱ የሐጀር ተራሮችን በዋሻ እየሰነጠቀ ያልፍና በድንገት የኦማን ባሕረ ሰላጤ ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል። በ1507 አልፎንሶ ደ አልቡከርኬ መርከቦቹን ይዞ እዚህ ደረሰ፤ ከተማዋን ዘረፈ፣ አቃጠለ። ዛሬ በዚያው ዳርቻ ሕፃናት ብስክሌት ይነዳሉ፣ ቤተሰቦች ምንጣፍ አንጥፈው ሩዝ ይበላሉ፣ ራቅ ብሎ የኮንቴይነር መርከቦች ይራገፋሉ። አልቡከርኬ የመጣው ሉተር ድምፁን ከማሰማቱ አሥር ዓመት ቀድሞ ነው። ነገር ግን ለኢየሱሳውያኑ መንገድ የጠረገው ያ መድፍ ነው፤ መድፉን ያመጣችው መርከብ ታቦታቸውንም አመጣች። ይህን ሳላስታውስ የመነኮሳቱን ቅንነት ብቻ ባወራ ውሸት ይሆንብኛል።

የአውሮፓውን ታሪክ በአጭሩ ልበለው፤ የሚታወቅ ነውና። ማርቲን ሉተር የሚባል መነኩሴ በ1517 በዊተንበርግ ከተማ 95 የመከራከሪያ ነጥቦች ጻፈ። መነሻው የሮም ቤተ ክርስቲያን የኃጢአት ቅጣት ማቅለያ ወረቀት በገንዘብ ማከፋፈሏ ነበር። ማተሚያ መኪና ስለነበረ ጽሑፉ በወራት ውስጥ ጀርመንን አዳረሰ። በ1521 በቮርምስ ጉባኤ ፊት ቀርቦ የጻፈውን እንዲክድ ቢጠየቅ እምቢ አለ፤ በተከታዩ ዓመት አዲስ ኪዳንን በሕዝቡ ቋንቋ አወጣ። ስዊድንና ዴንማርክ ተከተሉ፤ እንግሊዝ በ1534 ከሮም ተለየች፤ ካልቪን ጄኔቭን የተሐድሶ ከተማ አደረጋት። ሮምም ዝም አላለችም። በ1540 ኢግናጢዮስ ዘሎዮላ የመሠረተው የኢየሱሳውያን ማኅበር ጸደቀ፤ ከ1545 እስከ 1563 በትሬንት ከተማ በተለያየ ጊዜ የተሰበሰበው ጉባኤ የካህናቱን ትምህርትና ሥነ ምግባር አጠበቀ፣ ሥርዓቱን አንድ ወጥ አደረገ። በሰሜን ያመለጣትን ምእመን በምሥራቅና በአሜሪካ ለመተካት ወጣች።

እኛስ የት ነበርን? ከሁለቱም ደጅ። በ1534 ሚካኤል የተባለ ኢትዮጵያዊ ዲያቆን ዊተንበርግ ድረስ ሄዶ ከሉተር ጋር ተነጋገረ። ሉተር የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሥጋውንም ደሙንም ለምእመናን እንደምታቀብል ሲሰማ ደስ አለው፤ በሥርዓት ቢለያዩም በእምነት አንድ መሆናቸውን የሚመሰክር ደብዳቤ ጻፈለት። ለሉተር ሚካኤል ትልቅ ማስረጃ ነበር፦ ለሮም ጳጳስ ሳትገዛ ከሐዋርያት ዘመን ጀምሮ የኖረች ቤተ ክርስቲያን አለች ማለት ነው። በዚያው ዘመን ሮም ውስጥ፣ ከቫቲካን አጠገብ በሚገኘው የቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም፣ ከደብረ ሊባኖስ የሄደው አባ ተስፋ ጽዮን ከጓደኞቹ ጋር አዲስ ኪዳንን በግዕዝ ያሳትም ነበር፤ በ1548 እና በ1549 ወጣ። ሮምም በእኛ ውስጥ ወደ በረቷ የምትመለስ የጠፋች እህት አየች። ሁለቱ ባላንጣዎች በየፊናቸው ምስክርነታችንን ፈለጉ። እኛ በራሳችን ምን እንደሆንን የጠየቀን ግን ጥቂት ነው፤ ለዚህም ነው አፄ ገላውዴዎስ በ1555 የእምነቱን መግለጫ ራሱ የጻፈው። ቅዳሜን የምናከብረው እንደ አይሁድ አይደለም፣ ግዝረቱም የአገር ልማድ ነው፣ እምነታችን የአባቶቻችን የሐዋርያት ነው ብሎ አስረዳ።

ገላውዴዎስ የፖርቱጋሎች ውለታ ያለበት ንጉሥ ነበር። በ1541 ክሪስቶቫን ደ ጋማ 400 ያህል ጠመንጃ የያዙ ሰዎች ይዞ በምፅዋ ገብቶ ከግራኝ አሕመድ ጋር ተዋግቶ ሞቷል፤ ከተረፉት ሰዎቹ ጋር ነው ገላውዴዎስ በ1543 ያሸነፈው። ውለታውን አልካደም፣ እምነቱንም አልለወጠም። እኔ ከዚያ ዘመን ነገሥታት ሁሉ ለእሱ ልቤ ያደላል።

ያው 1555 በጀርመን ደግሞ የአውግስቡርግ ስምምነት የተፈረመበት ዓመት ነው። ካቶሊክና ሉተራዊ መሳፍንት ከብዙ ጦርነት በኋላ የተስማሙበት ሕግ አንድ ነበር፦ መስፍኑ የሚያምነውን ሃይማኖት አገሩ ይከተላል፤ ያልፈለገ ይሰደዳል። ይህ ሕግ የአውሮፓን ደም ለጥቂት ዓመታት አቆመው እንጂ አላደረቀውም፤ ከ1618 እስከ 1648 የሠላሳ ዓመቱ ጦርነት ጀርመንን ባድማ አደረጋት። በዚያው ዘመን ውስጥ ነው ያው አስተሳሰብ በአፄ ሱስንዮስ ከተማ በደንቀዝ አደባባይ የቆመው።

የዚያ ታሪክ መነሻ ደግሞ ከዚህ አገር ሩቅ አይደለም። ፔድሮ ፓኤዝ የተባለ ስፔናዊ ኢየሱሳዊ በ1589 የአርመን ነጋዴ መስሎ ከጎዋ ተነሣ፤ በማስካት በኩል አድርጎ ሲጓዝ በዛፋር ዳርቻ ተይዞ በሐድረመውት በረሃ ወደ ሰንዓ ተነዳ። ሰባት ዓመት ያህል በየመን ታሰረ፣ በመርከብ ላይ ቀዘፈ፣ ዐረብኛ ተማረ፤ ቡና ፈልቶ ሲጠጣ ካዩና ከጻፉ የመጀመሪያ አውሮፓውያን አንዱም ሆነ። በ1596 በገንዘብ ተዋጅቶ ወጣና ወደ ጎዋ ተመለሰ። ሌላ ሰው ቢሆን ይበቃኛል ባለ ነበር። እሱ ግን በ1603 ዳግመኛ ተነሥቶ ምፅዋ ገባ። በትግራይ ፍሬሞና ተቀምጦ ሕፃናት አስተማረ፣ ግዕዝና አማርኛ ተማረ፣ ለንጉሡ በጎርጎራ ቤተ መንግሥት አሠራ፣ የግሽ ዓባይን ምንጭ አይቶ ጻፈ። ማንንም አላስገደደም፤ ይጠይቁት ነበር፣ ይመልስ ነበር። ካቶሊክ ባልሆንም ይህን ሰው አከብረዋለሁ።

አፄ ሱስንዮስ በእሱ ተማረከ። ትምህርቱ ስቦት ነው የሚሉ አሉ፤ ከፖርቱጋል ወታደር ፈልጎ ነው የሚሉም አሉ፤ ንጉሥ ነውና ሁለቱንም ሳይፈልግ አልቀረም። ገና በ1617 የቤተ ክርስቲያኑ ጳጳስ አቡነ ስምዖን በንጉሡ ላይ ከተነሡት ዓማፅያን ጋር ቆመው ሰዳ በተባለው ቦታ ተገደሉ። በ1622 ሱስንዮስ ካቶሊክነቱን በይፋ ገለጸ፤ ፓኤዝም በዚያው ዓመት ዐረፈ። በእሱ ቦታ የመጣው ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴስ ሌላ ሰው ነበር። በ1626 በደንቀዝ ንጉሡ ከእግሩ ሥር ተንበርክኮ ለሮም ጳጳስ መገዛቱን ማለ። ከዚያ ትእዛዙ ወረደ፦ ሕዝቡ ዳግመኛ ይጠመቅ፣ ካህናቱ እንደገና ይሾሙ፣ አብያተ ክርስቲያናቱ እንደ አዲስ ይባረኩ፣ ጾሙና በዓሉ እንደ ሮም ይሁን፣ ቅዳሜ ይቅር፣ ግዝረት ይቅር። ሜንዴስ የትሬንት ዘመን ልጅ ነው። በአውሮፓ የተሠራውን መድኃኒት ለአውሮፓ በሽታ እንደተቀመመ ሳያስብ ለእኛ አጠጣን።

አንድ ገበሬ ልጁ የተጠመቀችበት ጥምቀት እንዳልሆነ ሲነገረው ምን እንደሚሰማው ለማሰብ እሞክራለሁ። አያቱ የተቀበረበት ቤተ ክርስቲያን ርኩስ ነበር ማለት ነው። ከላስታ እስከ ጣና የተነሣው ዓመፅ የነገረ መለኮት ክርክር ብቻ አልነበረም፤ ሙታንንም ሕያዋንንም አንድ ላይ የነካ ነበር። ሴቶቹ ከወንዶቹ ቀድመው ቆሙ። ወለተ ጴጥሮስ፣ የንጉሡ አማካሪ ሚስት፣ ባሏ በአቡነ ስምዖን መገደል እጁ ስለነበረበት ጥላው ወጥታ መነኮሰች፤ በጣና ዙሪያ እየተሰደደች ምእመናን ሰበሰበች፤ ንጉሡ ቢያስጠራትም፣ ሜንዴስ ቢከራከራትም አልተመለሰችም። ገድሏ በ1672 ተጻፈ። ጎንደሬዋ ስሟን ታውቃለች፤ ከማን ጋር እንደተጋፈጠች ግን እኔ ስነግራት ነው የሰማችው።

በ1632 ክረምት መግቢያ ላይ ከላስታ ከወረዱት ገበሬዎች ጋር በተደረገው ውጊያ 8 ሺህ ያህል ሰው አለቀ። በማግሥቱ ልጁ ፋሲለደስና መኳንንቱ ንጉሡን በሬሳው መሀል ወስደው እንዲያይ እንዳደረጉት ኢየሱሳውያኑ ራሳቸው ጽፈዋል፤ የወደቁት እስላም ወይም አረመኔ ሳይሆኑ የገዛ ወገኖቹ፣ የገዛ ክርስቲያኖቹ መሆናቸውን ነግረውታል። ያሸነፈ ንጉሥ ነበር፤ ግን ተሸነፈ። በዚያው ሰኔ የቀድሞው እምነት እንዲመለስ ዐዋጅ አስነግሮ ዙፋኑን ለልጁ ለቀቀ፤ በሴፕቴምበር ሞተ። ብዙዎቻችን ዐዋጁን እንደ ድል እናወራዋለን። እኔ ግን የማስበው ስለዚያ ማለዳ ነው፦ በሬሳ መሀል የቆመውን ሰው ሐሳቡን ያስለወጠው የተቃዋሚዎቹ ክርክር ሳይሆን የሙታኑ ፊት ነበር።

ዓርብ ጠዋት የእህቴ ልጅ ወደ አል ያርሙክ ወሰደችኝ። የሻርጃ አብያተ ክርስቲያናት በዚያ ሰፈር ተጠጋግተው ነው ያሉት፤ ካቶሊኩ የቅዱስ ሚካኤል፣ አንግሊካኑ የቅዱስ ማርቲን፣ የአርመኑ የቅዱስ ጎርጎርዮስ፣ የሕንድ ኦርቶዶክሶቹ፣ የሩሲያው። የሻርጃው ገዢ ሼክ ሱልጣን ቢን ሙሐመድ አል ቃሲሚ ለአብያተ ክርስቲያናት መሬት ሰጥተዋል፤ እኚህ ሰው በታሪክ የዶክትሬት ትምህርት ያላቸው፣ ስለ ፖርቱጋሎች ወረራም የጻፉ ናቸው። ፖርቱጋሎች በኮርፋካን ምን እንዳደረጉ አሳምረው እያወቁ ለቅዱስ ሚካኤል ቦታ መስጠታቸው ቀላል ነገር ሆኖ አልታየኝም። ግቢው ዓርብ ዕለት ይጨናነቃል። ሻርጃ ከ2022 ጀምሮ ዓርብ፣ ቅዳሜና እሑድ ብታርፍም፣ ለብዙ ሠራተኛ የዕረፍት ቀኑ ዓርብ ስለነበረ ልማዱ አልጠፋም። ቅዳሴው በእንግሊዝኛ፣ በማላያላም፣ በታጋሎግ፣ በዐረብኛ ተራ በተራ ይቀደሳል። የራሱ ሕንፃ የሌለው ማኅበር ከሌላው አዳራሽ በሰዓት ተካፍሎ ይገለገላል።

ከበሩ ፊት የኬረላ ቤተሰቦች ሦስት ቦታ ሲለያዩ አየሁ፤ አንዱ ወደ ካቶሊኩ፣ አንዱ ወደ ኦርቶዶክሱ፣ አንዱ ማር ቶማ ወደሚባለው። ታሪካቸውን ሳነብ የእኛን ያነበብኩ መሰለኝ። በ1599 የጎዋው ሊቀ ጳጳስ አሌይሾ ደ ሜኔዜስ በዲያምፔር ጉባኤ ጠርቶ የቶማስ ክርስቲያኖች የሚባሉትን የኬረላ ምእመናን ለሮም አስገዛ፤ በሶርያ ቋንቋ የተጻፉ መጻሕፍታቸውን እያረመና እያቃጠለ። በ1653 ሕዝቡ በማታንቼሪ ተሰብስቦ ከመስቀል ጋር የታሰረ ገመድ ይዞ ለኢየሱሳውያኑ ላይገዛ ማለ። ከዐዋጃችን በኋላ 21 ዓመት ማለት ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ከአንግሊካን ሚስዮናውያን ጋር በተገናኙ ካህናት አማካይነት ተሐድሶው ገብቶ ማር ቶማዎች ተለዩ። ከአንዲት ጎዋ የወጡ ሁለት ጉዞዎች፣ አንዱ ወደ ማላባር፣ አንዱ ወደ ጣና። በአል ተዓውን ሊፍት ውስጥ በየቀኑ ከምንተያየው ከእነዚህ ጎረቤቶች ጋር ይህን የመሰለ ዝምድና እንዳለን የሚነግረን የለም።

ከቅዱስ ሚካኤል ጋር ያለን ዝምድና ደግሞ ከዚህ ይቀርባል። የደቡባዊ ዐረቢያ ካቶሊካውያን ሀገረ ስብከት መቀመጫው አቡ ዳቢ ነው፤ አደራው የካፑቺን መነኮሳት ነው። ከ2022 ጀምሮ የተሾሙት ጳጳስ ፓኦሎ ማርቲኔሊም ካፑቺን ናቸው። ካፑቺኖች ራሳቸው የዚያ ዘመን ልጆች ናቸው፤ በ1520ዎቹ ከፍራንሲስካውያን መካከል ወደ ድህነትና ወደ ጸሎት እንመለስ ብለው ተነሡ። ሉተር ሲለይ እነሱ ከውስጥ ሆነው ያደሱ ነበሩ። ከእነሱም ሁለቱ በጎንደር ሞተዋል።

እንዲህ ነው የሆነው። ፋሲለደስ ከነገሠ በኋላ ኢየሱሳውያንን አባረረ። በ1634 ከግብፅ ከአዲሱ ጳጳስ ከአቡነ ማርቆስ ጋር አንድ ጀርመናዊ ገባ፤ ጴጥሮስ ሄይሊንግ ይባላል፣ የሉቤክ ሰው፣ ሉተራዊ። እስከሚታወቀው ድረስ ወደ ኢትዮጵያ የገባ የመጀመሪያው ፕሮቴስታንት መምህር እሱ ነው። በቤተ መንግሥቱ የመኳንንት ልጆችን አስተማረ፤ የዮሐንስን ወንጌል ወደ አማርኛ እንደመለሰም ይነገርለታል። ከአራት ዓመት በኋላ ሁለት የፈረንሳይ ካፑቺኖች፣ አባ አጋታንዥ ዘቫንዶምና አባ ካስያን ዘናንት፣ የግብፅ መነኮሳት ልብስ ለብሰው ሊገቡ ሲሉ ተያዙ። አጋታንዥ አቡነ ማርቆስን በካይሮ ያውቃቸው ነበር፤ ወዳጄ ናቸው ብሎ ተስፋ አድርጓል። ሄይሊንግ ግን የጳጳሱን ልብ በእነሱ ላይ አስጨክኖት ነበር። እምነታቸውን ቢለውጡ ሕይወታቸው እንደሚተርፍ ተነገራቸው፤ እምቢ አሉ። በኦገስት 7 ቀን 1638 ተሰቀሉ፤ በወገባቸው መታጠቂያ ገመድ ነው ይባላል። ጀርመን ላይ ሉተራዊውና ካቶሊኩ ሠላሳ ዓመት ሲተራረዱ፣ ሦስት ሰዎች ያንኑ ጠብ ተሸክመው የእኛ ከተማ ድረስ መጡ። አንዱ ተናገረ፣ ሁለቱ ሞቱ፣ ገመዱን የሳብነው እኛ ነን።

ሮም በ1905 ብፁዓን ብላ አወጀቻቸው። በጎንደር ግን ስማቸውን የሚያውቅ ጥቂት ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ ብዘረዝር ጽሑፉ አያልቅም፤ ለልጆቹ የነገርኳቸውን ብቻ ልጻፍ። ኢየሱሳውያኑ ያነሡት የክርስቶስ ባሕርይ ጥያቄ ከእነሱ ጋር አልተባረረም፤ ቅባት፣ ጸጋ፣ ተዋሕዶ በሚል እየከፋፈለ በ1878 የቦሩ ሜዳ ጉባኤ እስኪደረግ ድረስ እርስ በርሳችን አባላን። ካቶሊኮች ከሜንዴስ ስሕተት የተማሩት ዘግይተው ነው፤ በ1839 የመጣው ዩስጢኖስ ደ ያዕቆቢስ ግዕዙን ቅዳሴ አክብሮ፣ የአገሩን ልብስ ለብሶ አስተማረ። ደቀ መዝሙሩ አባ ገብረ ሚካኤል በ1855 በእስር ሲንገላታ ሞተ። ከዚያ ቀደም ደግሞ፣ በሉተራውያኑ በኩል፣ የጎታው መስፍን ኤርንስት ከአባ ጎርጎርዮስ ዘመካነ ሥላሴ ጋር ግዕዝ ያጠናውን ሂዮብ ሉዶልፍን ረድቶ፣ ዮሐን ቫንስሌብን በ1663 ወደ ኢትዮጵያ ላከ፤ ቫንስሌብ ግብፅ ደርሶ ቀረ፣ ኋላም ራሱ ካቶሊክ ሆኖ መነኮሰ። ልብ በዐዋጅ እንደማይነዳ አውሮፓውያኑም በገዛ ሰዎቻቸው ያዩት ነበር።

ለሶዶዋ ልጅ ያስቀመጥኩት ታሪክ ሌላ ነው። አስቴር ጋኖ የተባለች የኦሮሞ ልጅ በባርነት ተሸጣ በመርከብ ወደዚህ ወደ ዐረብ ምድር ስትወሰድ፣ በ1886 የጣልያን መርከቦች አስጥለው ወደ ምፅዋ አካባቢ አመጧት። በስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት ተማረች። በልጅነቱ በባርነት ተሸጦ ነጻ ከወጣው ከኦነሲሞስ ነሲብ ጋር ሆና መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ለመመለስ ደከመች፤ በ1899 ታተመ። ሉተር ለጀርመን ገበሬ ያደረገውን፣ ሁለት የተሸጡ ልጆች ለወገናቸው አደረጉት። በሶዶዋ ልጅ አገር በወላይታም በ1928 የመጡት ሚስዮናውያን በጣልያን ወረራ ተገደው ሲወጡ የተጠመቀው ሰው ሃምሳ አይሞላም ነበር፤ ሲመለሱ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ምእመን አገኙ። ያስፋፋው ገበሬው ነው፣ እየታሰረና እየተገረፈ። በ2007ቱ የሕዝብ ቆጠራ ፕሮቴስታንቱ ከ18 በመቶ በላይ ሆኗል፤ ንጉሥ ምሎለት፣ ፓትርያርክ መጥቶለት የነበረው ካቶሊክነት 0.7 በመቶ ነው። ቁጥር የእውነት ሚዛን አይደለም። ግን አመጣጡን ይናገራል።

የመጨረሻው ምሽት አራታችንም አል ማምዘር ውሃ ዳር ወጥተን ከረክ ሻይ ይዘን ተቀመጥን። የሁለቱን ካፑቺኖች ነገር ያኔ ነው የነገርኳቸው። ጎንደሬዋ ኩባያዋን አስቀመጠች።

«የት ቦታ ነው እትዬ የሰቀሏቸው? እኔ እኮ እዚያው ነው ያደግኩት።»

የሶዶዋ ደግሞ የያዛት ሌላ ነገር ነበር። «ሄይሊንግ ያሉት ሰውዬ የእኛ ነው ማለት ነው? ወንጌል እያስተማረ ሰው አስገደለ?»

ነው አልኳት፤ ራሱም ኋላ ከአገር ሲወጣ በሱአኪን በቱርክ ሹም እጅ እንደተገደለ ይነገራል አልኳት። ይህ አላጽናናትም። የሰቀሉት ግን የእኔ ሰዎች ናቸው አለች ጎንደሬዋ፤ ተናጋሪው አንድ ባዕድ ነው፣ ፈራጁ የእኛ ንጉሥ። የሶዶዋ አልተቀበለችም፤ ምላስ ይቀድማል አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ እያንዳንዳቸው ጥፋቱን ወደ ገዛ ወገናቸው እየሳቡ ሲከራከሩ ሰማሁ። የእህቴ ልጅ ቀኑን ጠየቀችኝ። ካቶሊኮች በየዓመቱ ኦገስት 7 ያስቧቸዋል አልኩ።

ጎንደሬዋ በጣቷ ቆጠረች። «ነሐሴ 1! የፍልሰታ መግቢያ ነዋ። እኔ በጾሜ አስባቸዋለሁ።»

«እኔ ደግሞ ሳልጾም አስባቸዋለሁ» አለች የሶዶዋ።

«ሳይጾሙ ደግሞ ማሰብ አለ?»

ተነሥተን በአል ተዓውን መንገድ ወደ ቤት ስንመለስ ገና ኢሳይያስ 58ን እየጠቀሱ ነበር፤ አንዷ ጾም እንደሚያስፈልግ፣ ሌላዋ እግዚአብሔር የመረጠው ጾም የትኛው እንደሆነ ለማስረዳት።